ቃታው ተስቦ ዝም ያለ ጠመንጃ

በአሶሳ ዙሪያ ያሉት የሰፈራ መንደሮች እስከ ዛሬ «አምባ» እየተባሉ ከነቁጥራቸው ይጠራሉ። በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ የመጡ ገበሬዎችና የአገሩ ባለቤት በርታዎች ጎን ለጎን ማሽላና በቆሎ ያርሱበታል፣ ማንጎ ይተክሉበታል። ሌሊት ቀበሌውን የሚጠብቀው ሚሊሻ ከሚይዛቸው መሣሪያዎች መካከል በዕድሜ ከያዡ የሚበልጥ ሲሞኖቭ አለ። እንዲህ ያለው ጠመንጃ ሲከሽፍ ምን እንደሚደረግ በአማርኛ ተጽፎ እንደ ልብ አይገኝም። የሚያውቁት የቀድሞ ወታደሮች ናቸው፤ እነሱም እያረጁ ነው። እውቀቱ አብሯቸው እንዳይቀበር በምልልስ አቀረብኩት። ሁለቱን ተናጋሪዎች የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ፤ ስለ ብረቱ፣ ስለ ባሩዱና ስለ አደጋው የሚነጋገሩት ግን የሙያው እውነት ነው። ሃምሳ አለቃው በቀድሞው ጦር የመሣሪያ ጥገና ክፍል ያገለገሉ፣ በ1983 ጦሩ ሲበተን አሶሳ ወደ ሰፈሩት ቤተሰቦቻቸው የመጡ የወሎ ሰው ናቸው። ወጣቱ በርታ ነው፤ የቀበሌ ሚሊሻ።

ሚሊሻው፦ አሰላሙ አለይኩም፣ ሃምሳ አለቃ። ይህ ጠመንጃ አስቸገረኝ። ትናንት ተኩስ ልምምድ ላይ ከ10 ጥይት 3ቱ ከሸፉብኝ። ቃታውን ስስብ ቀጭ ይላል፣ ከዚያ ዝም።

ሃምሳ አለቃ፦ ወአለይኩም ሰላም፣ ልጄ። ቆይ፣ እንዲህ አፈሙዙን ወደ ቤት አድርገህ አትግባ፤ ልጆች አሉ። ወደ ጓሮ ዙር፣ አፈሙዙን ወደዚያ የአፈር ክምር አድርገው። ጥይት አለበት?

ሚሊሻው፦ የለበትም፤ ትናንትና አራግፌዋለሁ።

ሃምሳ አለቃ፦ አምንሃለሁ። ቢሆንም ጠመንጃ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ሁሌም እንደ አዲስ ይታያል። ጣትህን ከቃታው አርቅና መቀርቀሪያውን ወደ ኋላ ሳበው። ካዝናው ባዶ ስለሆነ ክፍት ሆኖ ይቆማል። አሁን ከሆዱ ሥር ያለችውን መቆለፊያ ሳብና ካዝናውን ክፈተው። ምንም አልወደቀም፤ ጥሩ። ወደ ብርሃን አዙርና ጥይት ማደሪያውን እይ። ባዶ ነው?

ሚሊሻው፦ ባዶ ነው።

ሃምሳ አለቃ፦ እንግዲህ ንገረኝ። ትናንት ቀጭ ብሎ ዝም ሲል መጀመሪያ ምን አደረግህ?

ሚሊሻው፦ ወዲያው መቀርቀሪያውን ስቤ የከሸፈውን አወጣሁት፤ ቀጣዩን ጥይት አቀባበልኩና ቀጠልኩ።

ሃምሳ አለቃ፦ ጠላት ፊት ለፊትህ ቢሆን እንዲያ ታደርጋለህ፤ ወታደርም የሚሠለጥነው እንዲያ ነው። በልምምድ ሜዳ ላይ ግን ማን ያጣድፍሃል? አንዳንድ ጥይት ዘግይቶ ይነሳል። መርፌው መትቶታል፣ ውስጡ እሳት ተጭሯል፣ ባሩዱ ግን ገና እየተያያዘ ነው። ብዙውን ጊዜ መዘግየቱ ከሰከንድ ያነሰ ነው፤ አሮጌ ወይም እርጥበት የገባው ጥይት ግን ምን ያህል እንደሚቆይ ማንም አይነግርህም። በዚያች ቅጽበት መቀርቀሪያውን ከከፈትክ ጥይቱ በርሜሉ ደግፎት ሳይሆን እጅህ አጠገብ፣ ፊትህ ሥር ይፈነዳል። ቀለሁ ይቀደዳል፣ ስባሪው ዓይን ያጠፋል። ስለዚህ ቀጭ ብሎ ዝም ሲል ጠመንጃው ከትከሻህ አይወርድም፣ አፈሙዙም ከዒላማው አይዞርም። ቢያንስ 30 ሰከንድ ትቆጥራለህ፤ እኔ አንድ ደቂቃ አስቆጥር ነበር። ከዚያ ፊትህን ከመቀርቀሪያው አቅጣጫ አርቀህ ትከፍታለህ።

ሚሊሻው፦ ከሦስቱ ሌላ አንዱ ግን ጭራሽ ዝም አላለም። «ፑፍ» የሚል ደካማ ድምፅ ሰማሁ።

ሃምሳ አለቃ፦ ከዚያ ደግመህ ተኮስህ?

ሚሊሻው፦ አልተኮስኩም። አሠልጣኙ ጮኾ አስቆመኝ።

ሃምሳ አለቃ፦ አላህ ይስጠው። ደካማ ድምፅ ከዝምታ ይከፋል፤ ባሩዱ በግማሽ ነድዶ አረሩ በርሜሉ መሃል ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ከኋላው ሌላ ጥይት ብትተኩስ በርሜሉ ያብጣል ወይም ይሰነጠቃል። እንዲህ ዓይነት ድምፅ ከሰማህ ተኩስ ታቆማለህ፣ ትጠብቃለህ፣ ካዝናውን ታራግፋለህ፣ ከዚያ የመወልወያውን ዘንግ በአፈሙዙ በኩል አስገብተህ እስከ ጥይት ማደሪያው ድረስ ሳይደናቀፍ መውረዱን ታረጋግጣለህ። አደረጋችሁት?

ሚሊሻው፦ አዎ፤ ዘንጉ አለፈ። አረሩ ወጥቶ ነበር።

ሃምሳ አለቃ፦ የከሸፉትን አመጣሃቸው?

ሚሊሻው፦ ኪሴ ውስጥ ናቸው።

ሃምሳ አለቃ፦ የተመታ ጥይት ኪስ ውስጥ አይገባም። ቀስ ብለህ አውጣና እዚህ አሸዋ ያለበት ሣጥን ላይ አስተኛቸው፤ ጫፋቸው ወደ አፈሩ ክምር። መነጽሬን ላድርግና ቂጣቸውን አሳየኝ።

ሚሊሻው፦ ቂጡን? ጠመንጃውን አይፈቱትም እንዴ?

ሃምሳ አለቃ፦ ጠመንጃው ይደርሳል። ሰው ሁሉ ጠመንጃው ሲከሽፍበት መጀመሪያ መፍቻ ያነሳል። ይፈታል፣ ይወለውላል፣ ይገጥማል፤ ምን እንደነበረበት ግን ሳያውቅ ይቀራል፣ በሁለተኛው ሳምንት ያው ነገር ይመለሳል። ማስረጃው ያለው የከሸፈው ጥይት ላይ ነው። በቀለሁ ቂጥ መሃል ያለችውን ትንሽ ክብ ታያለህ? ካፕሱል እንላታለን። ስትመታ የምትነድድ ቅመም በውስጧ አለ፤ እሳቷ በቀዳዳ አልፎ ባሩዱን ይለኩሳል። መርፌው የመታበት ጉድጓድ እሷ ላይ ታትሞ ይቀራል። እነዚህን ሁለቱን እይ፤ ጉድጓዱ እንዴት ነው?

ሚሊሻው፦ ጥልቅ ነው። መሃል ላይ ነው።

ሃምሳ አለቃ፦ ጥልቅና መሃል ላይ ከሆነ ጠመንጃው ሥራውን ሠርቷል። መዶሻው ወርዷል፣ መርፌው በሙሉ ኃይሉ መትቷል፤ ያልነደደችው ካፕሱሏ ናት። ስለዚህ ሁለቱ የከሸፉት በጥይቱ ጥፋት ነው። የቀለሁን ዙሪያ ተመልከት፤ ዝገት በልቶታል። ካፕሱሏ ዙሪያ ቀለም መሳይ ቀለበት ነበረ፤ እርጥበት እንዳይገባ ፋብሪካው የሚቀባው ነው። እዚህ ላይ ተሰነጣጥቆ ረግፏል። ሦስተኛውን አምጣው እስቲ።

ሚሊሻው፦ ይህ ደግሞ ጭረት ብቻ ነው የሚመስለው። ቀለሁም ንጹሕ ነው።

ሃምሳ አለቃ፦ እሱ ነው ያሳሰበኝ። ጥይቱ አዲስ ነው፣ ምቱ ግን ደካማ። የዚህኛው ጥፋት ከጠመንጃው ነው። አየህ፣ ባንድ ቀን ሁለት የተለያየ በሽታ ይዘህ መጥተሃል። ጥይት ብቻ ለውጠህ ቢሆን ይኼ ይከተልህ ነበር፤ ጠመንጃ ብቻ ወልውለህ ቢሆን ያኛው ይከተልህ ነበር።

ሚሊሻው፦ ሌላ ጥያቄ አለኝ። አቀባብዬ ሳልተኩስ ያወጣኋቸው ጥይቶችም ቂጣቸው ላይ ትንሽ ነጥብ አለባቸው። እነሱም ከሽፈዋል ማለት ነው?

ሃምሳ አለቃ፦ ጥሩ አየህ። አይደለም። የዚህ ጠመንጃ መርፌ በስፕሪንግ የተያዘ አይደለም፤ መቀርቀሪያው ውስጥ እንደ ልቡ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንሸራተታል። መቀርቀሪያው በኃይል ተወርውሮ ሲዘጋ መርፌውም በራሱ ክብደት ወደ ፊት ይሄድና ካፕሱሏን ነካ ያደርጋታል። ያች ነጥብ ጤነኛ ናት። ለጦር የሚሠራ ጥይት ካፕሱሉ ጠጠር ያለ የሚሆነው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በመርፌ እንደ ተወጋች ነጥብ ያለ ንክኪና መዶሻ ገፍቶት የመጣ ደካማ ምት ይለያያሉ፤ ደካማው ምት ሰፋ ያለ ሥምጥ አለው፣ ጥልቀት ግን የለውም። ይህን ያልለየ ሰው ደህናውን ጥይት ይጥላል፣ የታመመውን ጠመንጃ ይዞ ይዞራል።

ሚሊሻው፦ ሲሞኖቭ ሁሉ እንዲህ ነው?

ሃምሳ አለቃ፦ ሰርጌይ ሲሞኖቭ መጀመሪያ ሲነድፈው መርፌውን ወደ ኋላ የሚመልስ ስፕሪንግ ነበረው። ቀደምት የሶቪየት ምርቶች ላይ አለ፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቀረ። ቻይናም በዚያው አቆጣጠር ከ1956 ጀምራ በራሷ ስም ስታመርተው ያለ ስፕሪንጉ ነው። አንተ የያዝከው የኋለኛው ዓይነት ነው። ብቻውንም አይደለም፤ ከሱ በፊት የነበረው የአሜሪካኑ ኤም ዋንም መርፌው ልቅ ነው።

ሚሊሻው፦ ኤም ዋን እኛ አገር ነበረ እንዴ?

ሃምሳ አለቃ፦ እንዴት አይኖርም! የቃኘው ሻለቃ በ1943 ኮሪያ ሲዘምት የታጠቀው የአሜሪካን መሣሪያ ነው። በ1945 ከአሜሪካ ጋር የመከላከያ ስምምነት ሲፈረም ደግሞ ለክቡር ዘበኛውም ለጦሩም በብዛት ገባ። ስምንት ጥይት በአንድ ማቀፊያ ተይዞ ከላይ ይጎርሳል፤ የመጨረሻው ሲተኮስ ማቀፊያው ጥርንግ ብሎ ይዘላል። በ1969 ደርግ ከአሜሪካ ጋር ሲለያይ የሶቪየቱ መሣሪያ ጎረፈ፤ ክላሹም ሲሞኖቩም። ክላሹ 30 ይጎርሳል፣ ሲሞኖቩ 10፤ ጥይታቸው ግን አንድ ነው። ለዚህ ነው ሲሞኖቭ እስከ ዛሬ ከእጅ ያልወጣው፤ ጥይቱ አልጠፋም።

ሚሊሻው፦ 7.62 ነው አይደል?

ሃምሳ አለቃ፦ 7.62 ማለት ብቻውን አይበቃም። ያንተ 7.62 በ39 ነው፤ 39 የቀለሁ ርዝመት ነው በሚሊሜትር። የመትረየሱ 7.62 በ54 ነው። ሌላም አለ። ስሙን ሰምተህ ሳይሆን ቁመቱን ከራስህ ጥይት ጋር አስተያይተህ ነው የምትቀበለው።

ሚሊሻው፦ አያቴ ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ ያስቀመጡት ጥይት ቤት ውስጥ አለ።

ሃምሳ አለቃ፦ አሶሳ ከጣሊያን እጅ የወጣችው በመጋቢት 1933 ነው፤ ከቤልጅግ ኮንጎ የመጡ ወታደሮች በኩርሙክ በኩል ገብተው ነው ያስለቀቋት። ከዚያ ጊዜ የቀረ ጥይት ከሆነ ዕድሜው ካንተ አባት ይበልጣል፤ ላንተ ጠመንጃ አይሆንም፣ ለሌላም አይሞከርም። አትክፈተው፣ አትቀጥቅጠው፣ እሳት ውስጥ አትጣለው። ለፖሊስ ትነግራቸዋለህ፣ መጥተው ይወስዱታል። እንግዲህ ወደ ጠመንጃህ እንመለስ። የኋላ ክዳኑን ፍታ፣ ስፕሪንጉን አውጣ፣ መቀርቀሪያውን ከነተሸካሚው ሳብና ስጠኝ።

ሚሊሻው፦ ይኸው።

ሃምሳ አለቃ፦ ጆሮህን አቅርብ። መቀርቀሪያውን ወደ ላይና ወደ ታች ሳንቀሳቅሰው ምን ትሰማለህ?

ሚሊሻው፦ ምንም አልሰማም።

ሃምሳ አለቃ፦ መስማት ነበረብህ። መርፌው ልቅ ከሆነ ቀጭ ቀጭ ይላል። ይህ ዝም ብሏል፤ ተጣብቋል ማለት ነው። ጫፉ ግን ወደ ፊት አልወጣም፤ አልሐምዱሊላህ። በምን ነበር የምትቀባው?

ሚሊሻው፦ የጠመንጃ ዘይት ስላልነበረ… በኑግ ዘይት።

ሃምሳ አለቃ፦ ገምቼ ነበር። የኑግ ዘይት ለወጥ እንጂ ለብረት አይሆንም። አየር ሲነካው ቀስ በቀስ ይደርቃል፤ ሠዓሊዎች ቀለም የሚበጠብጡበት የተልባ ዘይት እንደሚደርቀው ማለት ነው። የሰሊጥም ዘይት እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ያዳልጣል፣ ከወራት በኋላ ሙጫ ይሆናል። መዶሻው በሙሉ ኃይሉ ይወርዳል፤ ግማሹን ኃይል ሙጫው ይበላዋል፣ መርፌው ጥይቱ ጋር የሚደርሰው ደክሞ ነው። ያ ሦስተኛው ጥይት ላይ ያየኸው ጭረት እሱ ነው።

ሚሊሻው፦ ለዝገት ብዬ ነው እኮ። ክረምት ላይ እዚህ ብረት አንድ ሌሊት አያድርም።

ሃምሳ አለቃ፦ እውነትህን ነው። አሶሳ ዝናቡ ከሚያዝያ መጨረሻ ጀምሮ እስከ ጥቅምት አይለቅም። ግን መርፌው ቤት ውስጥ ዘይት አይገባም፤ የማሽን ዘይትም ቢሆን። እዚያ ደረቅና ንጹሕ ብቻ ነው የሚፈለገው። ከፋብሪካ የወጣ ጠመንጃ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ የሚቀባው ወፍራም ቅባትም እዚያው ይቀርና ያው ችግር ያመጣል። አሁን መርፌውን የያዘችውን ዘንግ ልግፋት… ይኸው ወጣ። ተመልከት ቡናማውን።

ሚሊሻው፦ እንደ ሬንጅ ሆኗል።

ሃምሳ አለቃ፦ በነጭ ጋዝ ይለቃል። መርፌውን ንከረው፣ ቤቱን በስንጥር ላይ በጠቀለልከው ጨርቅ ጥረገው፤ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ። አሁን አንድ ነገር ልብ አድርገህ ስማኝ። ይህ ሙጫ መርፌውን ወደ ኋላ ይዞት ስለነበር ጥይቱ አልተኮሰም፤ የደረሰብህ ጉዳት አንድ ባዶ ቀጭታ ነው። ወደ ፊት ወጥቶ ቢይዘው ኖሮ ግን አንተ ቃታውን ሳትነካ መቀርቀሪያው ሲዘጋ ብቻ ጥይቱ ይተኮስ ነበር። ከዚያም ቀጣዩ፣ ከዚያም ቀጣዩ፤ ካዝናው እስኪያልቅ። አንተ ዘብ ቆመህ ቤት ደጃፍ ላይ ስታቀባብል፣ አፈሙዙ ወደ ማን ዞሮ እንደሆነ አስብ።

እዚህ ላይ የራሴን ቃል ላስገባ። ሰው መተኮስ ያቃተውን ጠመንጃ «ሞቷል» ብሎ ይንቀዋል፤ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል፣ ልጅ እንዲነካው ይተወዋል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። መክሸፍና ሳይታዘዝ መተኮስ ከዚያው ጥቂት ቅባት የሚመጡ ሁለት ውጤቶች ናቸው፤ ዛሬ የከሸፈው ነገ በራሱ ጊዜ ሊተኩስ ይችላል። ስለዚህ የከሸፈ ጠመንጃ ከደህናው ይልቅ ጥንቃቄ ይሻል፤ ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስም እንደ ጎረሰ ይቆጠር።

ሚሊሻው፦ መርፌው ታጥቧል፤ አሁን ቀጭ ቀጭ ይላል። አበቃ?

ሃምሳ አለቃ፦ ገና ነው። የመርፌውን ጫፍ እየው፤ ክብ ነው ወይስ የተሸረፈ? ክብ ነው። የተሸረፈ ወይም የሾለ ቢሆን ኖሮ ካፕሱሏን በስቶ ጋዙን ወደ ፊትህ ይመልሰው ነበር። አንዳንድ ሰው ደካማ ምት ሲያይ መርፌውን በሞረድ ያሾለዋል፣ ወይም የመዶሻውን ስፕሪንግ ጎትቶ ያረዝመዋል። ሁለቱም ክልክል ናቸው። የተጎተተ ስፕሪንግ ለጥቂት ቀን ይጠነክርና ከበፊቱ ብሶ ይላላል። አሁን ቁጥሮቹን አንብብልኝ፤ መቀርቀሪያው ላይ፣ ተሸካሚው ላይ፣ ከዚያ አካሉ ላይ።

ሚሊሻው፦ ተሸካሚውና አካሉ አንድ ናቸው። መቀርቀሪያው… ሌላ ቁጥር ነው።

ሃምሳ አለቃ፦ ኧረ! ድጋሚ አንብብ።

ሚሊሻው፦ ሌላ ነው። ሥልጠና ላይ አምስት ሆነን ባንድ ምንጣፍ ላይ ፈትተን ስንወለውል ተቀያይሮ ይሆናል።

ሃምሳ አለቃ፦ ብዙ ቦታ የሚሆነው እንዲህ ነው። ፋብሪካ እያንዳንዱን መቀርቀሪያ ከራሱ አካል ጋር ለክቶ ነው የሚገጥመው። ጥይቱ ማደሪያው ውስጥ ሲቀመጥ ከኋላው ያለው ክፍተት በጣም ጠባብ መሆን አለበት። የሌላ ጠመንጃ መቀርቀሪያ ክፍተቱን ካሰፋው መርፌው ሲመታ ጥይቱ ወደ ፊት ይሸሻል፤ ምቱ ይደክማል። እሱ እንኳ ቀላሉ ነው። ሲተኮስ ቀለሁ ተለጥጦ ወገቡ ላይ ሊበጠስ ይችላል። ከጠበበ ደግሞ መቀርቀሪያው ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ መዶሻው ኃይሉን እሱን በመዝጋት ይጨርሳል፤ ያም ደካማ ምት ነው። ይህን በዓይን ማየት አይቻልም። መለኪያ አለው፤ መለኪያው ደግሞ ያለው ባለሙያው ዘንድ ነው።

ሚሊሻው፦ እርስዎ አይችሉም?

ሃምሳ አለቃ፦ በሥራ ላይ ሳለሁ መለኪያው ነበረኝ። ዛሬ መለኪያውም የለኝም፣ የጠጋኝነት ፈቃድም የለኝም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ 1177/2012 ከወጣ ወዲህ የመሣሪያ ነገር ሁሉ በፈቃድ ሆኗል፤ ደግሞም ትክክል ነው። ማጽዳት የያዡ ግዴታ ነው፤ ያን አሳይሃለሁ። ዕቃ መቀየርና መለካት የባለሙያ ነው፤ እሱን አልነካም።

ሚሊሻው፦ እሺ። ማጽዳቱን እንዳላበላሽ ያስረዱኝ። እኔ ከተኩስ በኋላ በነጭ ጋዝ አጥቤ ዘይት እቀባለሁ፤ በሁለተኛው ቀን ግን በርሜሉ ቀይ ይሆናል።

ሃምሳ አለቃ፦ ምክንያቱ ጨው ነው። የድሮው የምሥራቁ ጎራ ጥይት ካፕሱል ውስጥ ፖታሺየም ክሎሬት አለበት። ሲነድድ ፖታሺየም ክሎራይድ ይሆናል፤ የወጥ ቤት ጨው ዘመድ ነው። በርሜሉ ውስጥ፣ በጋዝ ቱቦውና በፒስተኑ ላይ፣ በመቀርቀሪያው ፊት ላይ ይቀመጥና ከአየሩ እርጥበት ይስባል። አሶሳ በክረምት እርጥበት አያልቅበትም፤ ስለዚህ በአንድ ሌሊት ያዝገዋል። ነጭ ጋዝ ጥላሸትና ቅባት ያነሳል እንጂ ጨው አያሟሟም። ጨው የሚያሟሟው ውኃ ነው።

ሚሊሻው፦ ውኃ? ጠመንጃ ላይ?

ሃምሳ አለቃ፦ የፈላ ውኃ። በርሜሉ ውስጥ በጥይት ማደሪያው በኩል በማንቆርቆሪያ አፍስሰህ በአፈሙዙ ታስወጣዋለህ፤ ሰደፉ ላይ እንዳይፈስ ተጠንቀቅ፣ እንጨቱ ያብጣል። ፒስተኑንና ቱቦውን ለብቻ ትዘፈዝፋቸዋለህ። የፈላ መሆኑ ብረቱን ስለሚያሞቀው ቶሎ ያደርቅልሃል። ከዚያ ደረቅ ጨርቅ፣ ከዚያ ስስ የማሽን ዘይት። ይህን በተኮስክበት ቀን ነው የምታደርገው፤ ለነገ አይባልም። የጥይት ማደሪያውን ግን ከመተኮስህ በፊት ከዘይት ታደርቀዋለህ። ማደሪያው ከዛገ ደግሞ ጥይቱ እስከ መጨረሻው አይገባም፣ መቀርቀሪያው ገርበብ ብሎ ይቀራል፤ ያም «ከሸፈ» ይባላል። ፒስተኑ በጥላሸት ከተያዘም ቀለሁ አይወጣም፣ ቀጣዩ አይጎርስም። ሰው ይህንንም መክሸፍ ይለዋል፤ ግን መዶሻው ባዶ ላይ ወርዶ ነው እንጂ ጥይቱ ምንም አልሆነም።

ሚሊሻው፦ ካዝናውስ?

ሃምሳ አለቃ፦ ካዝናው ጤነኛ ነው፤ ከንፈሩ አልታጠፈም፣ ስፕሪንጉም ይገፋል። እሱን ተወው። ጥይቱን ግን የት ነው የምታስቀምጠው?

ሚሊሻው፦ ግማሹ ወገቤ ላይ ዝናር ውስጥ ነው፤ ግማሹ ቆርቆሮው ሥር ማገር ላይ። እንዳይዝግ ዘይት ቀብቼዋለሁ።

ሃምሳ አለቃ፦ ሦስቱም ጥይት ይገድላሉ። ዝናሩ ላብህን ይጠጣል፤ ቆርቆሮው ሥር ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ዘይቱ ደግሞ በካፕሱሏ ዙሪያ ሰርጎ ይገባና ቅመሟን ያበላሻል። ጥይት ዘይት አይቀባም፤ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል፣ ክዳኑ በሚገጥም የብረት ሣጥን ውስጥ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ዝናር ውስጥ ያለውን ቶሎ ቶሎ ቀያይረው። ቂጡ ላይ ያሉትን ቁጥሮችም አንብብ፤ አንዱ ፋብሪካውን፣ አንዱ ዓመቱን ይነግርሃል። 17 የባርናውል ነው፣ 539 የቱላ። እኛም አምቦ አጠገብ የሆሚቾ ጥይት ፋብሪካ አለን። የተለያየ ዓመት ጥይት አትቀላቅል። ትናንት የተቀላቀለ ባይሆን ኖሮ በሽታው ሁለት መሆኑን እዚያው ሜዳ ላይ ትለየው ነበር።

ሚሊሻው፦ እንዴት አድርጌ?

ሃምሳ አለቃ፦ አንድ ነገር ብቻ እየቀየርክ። ያንኑ ዓይነት ጥይት በጓደኛህ ጠመንጃ ትሞክራለህ፤ እዚያም ከከሸፈ ጥይቱ ነው። ሌላ ዓይነት ጥይት በራስህ ጠመንጃ ትሞክራለህ፤ እሱም ከከሸፈ ጠመንጃው ነው። ጠብቀህ በአሠልጣኝ ፊት ያንኑ የከሸፈ ጥይት ደግመህ ስትመታው ቢተኮስ የመጀመሪያው ምት ደካማ ነበር፤ ጥርጣሬው ወደ ጠመንጃው ያደላል። ጥይትም ቀይረህ፣ መርፌም አጥበህ፣ ስፕሪንግም ለውጠህ በአንድ ቀን ከተኮስክ ግን ቢሠራም የትኛው እንዳዳነው አታውቅም።

ሚሊሻው፦ እንግዲህ አሁን መርፌው ነጻ ስለሆነ በአዲሱ ጥይት ብሞክረውስ? ዛሬ ማታ ተራዬ ነው።

ሃምሳ አለቃ፦ አይሆንም። መርፌው ነጻ ሆነ እንጂ መቀርቀሪያው ያንተ አይደለም። ሌሎቹ አራቱም ጓደኞችህ የየራሳቸውን ቁጥር ያንብቡ፤ ያንተን መቀርቀሪያ የያዘ ሰው አለ፣ እሱም ያንተው ዓይነት አደጋ ላይ ነው። ነገ ጠዋት አምስቱንም ጠመንጃ ባዶ አድርጋችሁ ወረዳ ፖሊስ ትወስዳላችሁ፤ መሣሪያ ክፍሉ ቁጥር ከቁጥር አገናኝቶ ይለካል፣ የመዶሻውንም ስፕሪንግ ያያል። የዛጉትንና የከሸፉትን ጥይቶች በዚህ አሸዋ ሣጥን ውስጥ እንዳሉ አስረክብ፤ የአያትህንም ንገራቸው። አሁን ግን በቀጥታ ወደ ቀበሌው ጸጥታ ኃላፊ ሂድና ለዛሬ ሌሊት ሌላ መሣሪያ እንዲሰጥህ፣ ከሌለም ሌላ ሰው እንዲመድብ ንገረው።